የእናቴ ቪዛና የእኔ አፍ

ማርች 3

እኔ ሬናሊን፣ የፍሎርዴሊዛና የኖርቤርቶ አንድያ ልጅ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ኃጢአት መፈጸሜን በታላቅ ሐዘን አምናለሁ፦ ዛሬ ጠዋት በዓሣ ሻጯ በቲያ ባቢ ፊት አፌን ከፍቻለሁ።

የከፈትኩት ለማዛጋት አልነበረም። «እናቴ እኮ የሽርሽር መርከብ ላይ ልትቀጠር ነው፤ ለአሜሪካ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተይዞላታል። እባክዎን ለማንም እንዳይናገሩ» አልኳት። የመጨረሻዋን የጨመርኩት ወሬው ቶሎ እንዲደርስ ነው። ቲያ ባቢ «አይናገሩ» የተባለችውን ነገር ከዓሣው በፊት ነው የምትሸጠው፤ ይበላሽብኛል ብላ።

እኛ ኢሎኢሎ ውስጥ ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው አፉን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይለጠፍ «ልሄድ ነው» ያለ ሰው አይሄድም፤ ይከሽፍበታል። ሰፈራችን በከሸፈበት ሰው የተሞላ ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ገና በጎረምሳነቱ ሻንጣ ገዝቶ ለጎረቤት አሳየ። ይኸው አርጅቶ ፀጉር ይቆርጣል፤ መቀሱን የሚያስቀምጠው ሻንጣው ውስጥ ነው። አያቴ ሎላ ኮንሶላ «ወሬ ከሰው ቀድሞ ከወጣ መንገዱን ይዘጋበታል» ትላለች።

እንግዲህ እኔ መንገድ ልዘጋ ነው የወጣሁት። በርግጥ በዚህ የአሮጊቶች ነገር አላምንም። ግን ባይጠቅምም አይጎዳም።

ደግሞ እናቴ ብትሄድ ባትሄድ ግድ የለኝም፤ ይሄ በደንብ ይታወቅልኝ። የኔ ጉዳይ እሷ ስትሄድ ከኔ ጋር ከሚቀረው ሰውዬ ጋር ነው።

ማርች 5

ስለ ሰውዬው።

አባቴ ነው ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ላይ ነበር። ዓመት ጠብቆ ይመጣል፣ ቸኮሌት ያድላል፣ «አድገሻል!» ብሎ ይደነግጣል፣ ይሄዳል። እንደዚያ ሆኖ ሳለ ጥሩ አባት ነበር። ባለፈው ሴፕቴምበር የኩባንያው ሐኪሞች ልቡን አዳመጡና «ለባሕር አትሆንም» አሉት። ለባሕር ያልሆነውን ለእኛ ላኩልን።

መርከብ ላይ ሥራው ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት ነበር። «ዝገት እንቅልፍ የለውም» ይላል፤ ስለዚህ እሱም የለውም። አጥሩን ቀባ። የውሃ ታንከሩን ቀባ። የዶሮ ቤቱን ሲቀባ ዶሮዎቹ ሳምንት ሙሉ እንቁላል ከለከሉን። ባለፈው እሁድ የሎላን ወንበር ቀብቶ ለማንም ሳይናገር ሄደ፤ ሎላ ከቅዳሴ ተመልሳ ተቀመጠችበት።

«አንተ ሰውዬ! መርከብ መሰልኩህ?» ብላ ጮኸች። የእሁድ ቀሚሷ ከኋላ የጦር መርከብ ግራጫ ሆኗል።

«ይቅርታ፣ ናናይ» አለ እጁን አጣምሮ። «ናናይ» እናቴ ማለት ነው፤ አማቱንም እንዲሁ ነው የሚጠራት። «እስቲ ይነሱልኝና ወንበሩን ድጋሚ ልቀባው።»

ስለ ወንበሩ ነው ያዘነው!

እኔን በፉጨት ነው የሚቀሰቅሰኝ። ወለሉን «ዴክ» ይለዋል። እናቴ ከሄደች ይሄ ሰው ካፒቴን ይሆናል፤ ካፒቴኑ የሚያዘው መርከበኛ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሎላን ማንም አያዝም።

ማርች 9

ቤታችን ውስጥ ፎጣ የለም። ፎጣው ሁሉ ዝሆን ሆኗል። እናቴ መርከቡ ላይ የእንግዶችን ክፍል ልታጸዳ ነው፤ እንግዶቹ ደግሞ አልጋቸው ላይ በፎጣ የተሠራ አውሬ ካላገኙ ቅር ይላቸዋል አሉ። ዛሬ ታጥቤ ወጣሁና ጦጣ ፈትቼ ፊቴን ጠረግሁ።

ከእራት በኋላ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነበር። አባቴ ቆንሲል ነው። ኤምባሲ ውስጥ ቆንሲሉ ከመስታወት ኋላ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ኋላ ገብቶ በሽቦ ወንፊት በሩ በኩል ይጠይቃል። ከጆሮው አጠገብ ደረቅ ዓሣ ተንጠልጥሏል።

«ስም?»

«ፍሎርዴሊዛ።»

«ሙሉ ስም! ደግሞ ፈገግ አትበይ፤ ፈገግታ ያስጠረጥራል።»

«ትናንት ኮስተር ስል የተጣላሽ ትመስያለሽ አልከኝ።»

«መሃሉን ያዢዋ!»

«ለአንተ በዚህ ፊትህ እንዴት ቪዛ ሰጡህ?» አለች ሎላ ከጥግ፣ ባቄላዋን እየፈለፈለች።

ቆንሲሉ አልሰማም። «መርከቡ ማያሚ ሲቆም ወርደሽ ብትጠፊስ?»

«የት አባቴ ልጥፋ? እኔ እኮ እዚህ ገበያ ውስጥ እንኳ መውጫው ይምታታብኛል።»

«ይሄን እንዳትዪ! በፍጹም! አሜሪካ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ልጅሽን ማን ይጠብቃታል?»

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ በወንፊቱ በኩል እሱን አየችው። ሎላ ባቄላውን ተወችው።

«ዓሣው ሊወድቅብህ ነው» አለችው እናቴ።

ልምምዱ በዚህ አበቃ። እኔ በጣም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም፤ ዓሣው አልወደቀም።

ማርች 12

ተሳካ! ፀጉር አስተካካዩ እናቴን «መልካም ጉዞ» አላት። የሒሳብ መምህራችን በክፍሉ ሁሉ ፊት የጫማ ቁጥሩን ነገረኝ። ከተገኘ ሰማያዊ ይሁን አለ።

ማርች 16

ቤቱ ፍርድ ቤት ሆኗል። ሎላ ወሬው መውጣቱን ሰማች። መጀመሪያ የቅዱስ አንቶኒዮስን ምስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ቤቱን ባለመጠበቁ ተቀጥቶ ነው። ከዚያ ሁላችንንም ጠራችን።

«በዚህ ቤት አፉ ቀዳዳ የሆነ ሰው አለ። ማን ነው?»

እኔ ጥፍሬን አየሁ። ማደጉ ገረመኝ።

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አለ አባቴ።

«ሳይጠየቅ የመለሰ እሱ ነው ጥፋተኛው» አለች ሎላ። የሕግ ትምህርቷ እዚህ ድረስ ነው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ባሕር ላይ ስትንከራተት የመርከበኛ ወግ አልተማርክም? ቀለም ቤት ተጎልተህ "ሚስቴ ልትሄድልኝ ነው" ስትል ነበር አይደል?»

«ናናይ፣ ቀለም ቤት ስለ ቀለም ነው የማወራው።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች እናቴ። «እዚህም ስለ ቀለም ነው የሚያወራው።»

ማንም አልሳቀም። ሎላ ለሦስት ቀን እራት ላይ ዓሣ ስትሰጠው ጅራቱን ብቻ እንደምትሰጠው ፈረደች። እሱም ይግባኝ አላለም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየኝ። ዝገት የሚፈልግ ሰው ብረት እንደሚያይ ነው ያየኝ። እኔም ትክ ብዬ አየሁት።

እስቲ ይፋቀኝ።

ማርች 23

እናቴ በጠራራ ፀሐይ ቤት መጣች። ሽርጧና የራሷ ጭልፋ በፌስታል ውስጥ። ከምታበስልበት ምግብ ቤት አስወጥተዋታል። በቦታዋ ሌላ ሰው ገብቷል።

ምሳ አልበላሁም። ሙቀቱ ነው።

ማርች 24

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምታበስልበት ምግብ ቤት ባለቤት ማዳም ኦፌልያ ዓሣ የምትገዛው ከቲያ ባቢ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ማዳም እናቴ ጥላት ሳትሄድ ብላ፣ የእህቷን ልጅ አምጥታ ምድጃው ፊት አቆመች።

እናቴ ለሎላ ስትነግራት ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

«"ማዳም፣ እኔ እኮ ገና ቪዛ የሚባል ነገር አላየሁም" ብላት፣ "አይ ፍሎር፣ እኔንማ አትደብቂኝ፤ ደስ ብሎኛል" አለችኝ። አቀፈችኝ፣ እማ! እያቀፈች በር ድረስ አወጣችኝ።»

«ልጅቷስ? ትችልላታለች?»

«ሩዙን አሳረረችው። በሩ ጋ ሆኜ ሸተተኝ። ተመልሼ ላወርደው ነበር፤ እጄ በራሱ ተነስቶ ነበር...»

«እና አሁን ቪዛው ካልመጣ ምን እንበላለን?»

«ቀለም» አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ወደ ሌላ ድምፅ ተለወጠ፤ እኔም ቀስ ብዬ ወጣሁ።

የኔ ስምምነት መንገድ ከሚዘጉት መናፍስት ጋር ነበር። ማዳም ኦፌልያ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት? የሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገባ ሰው አልወድም።

ማርች 25

ላስተካክለው ሄድኩ።

«ቲያ ባቢ፣ እናቴ አትሄድም። ያ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

ቲያ ባቢ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓይኗን አጠበበች። «አሃ! ቀኑ ደረሰ ማለት ነዋ።»

«ኧረ አይደለም! ቪዛም የለም፣ መርከብም የለም!»

«ጎሽ! እንዲህ ነው መደበቅ። ይቺ የኮንሶላ ትምህርት ናት። ጎበዝ ልጅ።» አንድ ዓሣ መርቃ ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ተመልሶ ቤታችን ሲደርስ እናቴ የምትሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ሆኗል፤ እኛም ተከትለን እንሄዳለን፤ ቤቱም ለሽያጭ ቀርቧል። አንድ ሰውዬ መጥቶ አጥሩን እየዳሰሰ «ቀለሙ ጥሩ ነው» አለ። አባቴ ደስ አለው!

ዓሣውን ለድመቷ ሰጠኋት። ድመቷ እንኳ ካሸተተችው በኋላ አየት አደረገችኝ።

ኤፕሪል 3፣ ስቅለት

ዛሬ አይታጠቡም፣ አይስቁም፣ ሚስማር አይመቱም፣ ቀለምም አይቀቡም። አባቴ እጁን የሚያስገባበት አጣ። ስለዚህ እኔን ያዘኝ።

ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ነው ያገኘኝ። «ቲያ ባቢ ከማን እንደሰማች ነገረችኝ» አለ። ድምፁን አላነሳም። ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት ሁልጊዜ መልስ አለኝ።

«እና?»

«እናትሽ ሥራዋን አጣች።»

«አንተም አጥተሃል። በአንተ ላይስ ማን አወራብህ?»

ይሄን በማለቴ አልኮራም። ትንሽ ግን ኮርቻለሁ።

«መርከብ ላይ...» ብሎ ጀመረ።

«ይሄ መርከብ አይደለም! ቤት ነው! አንተ ስለ ቤት ምን ታውቃለህ? እስቲ ስንተኛ ክፍል ነኝ? ጓደኛዬ ማን ናት? እስቲ የማልበላውን ምግብ አንድ ጥራ!»

ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ይለኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ ቆሞ አሰበ። ከምር አሰበ፤ ዶሮዎቹ እግሩ ሥር እየጫሩ።

«ባሚያ» አለ።

ልክ ነው። ግን ማንም ባሚያ አይወድም፤ በግምት ነው ያገኘው።

«ለእናቴ ትነግራታለህ?»

«እኔ አልነግራትም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።»

«ባልነግራትስ?»

ዞር ብሎ የዶሮ ቤቱን የቀለም ቅርፊት በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። በስቅለት! ለሎላ ልናገርበት ነበር፤ ተውኩት። ጠላሁት። በድለውት ዝም የሚል ሰው እንዴት ይወደዳል?

ኤፕሪል 13

እናቴ በመርከብ ወደ ማኒላ ሄደች፣ ለቃለ መጠይቁ። መርከቡ ላይ የሚያስቀጥራቸው ኤጀንሲ ነጭ ሸሚዝ ልበሱ ብሏል። ኮሌታውን እኔ ነኝ የተኮስኩት። ላቃጥለው እችል ነበር። አላቃጠልኩትም። ሸሚዙ የጎረቤት ነው።

ኤፕሪል 16

ደወለች። አብረዋት ከኤጀንሲው የገቡት ሁሉ ያኔውኑ አለፉ። እሷን «ተጨማሪ ማጣራት አለ፣ ጠብቂ» አሏት። ፓስፖርቷን ይዘው አስቀሩት። እስከ መቼ? አይታወቅም። ለምን? አይባልም።

«ወሬው ነው» አለች ሎላ። «ወሬው ቀድሟት መስኮቱ ላይ ደርሶ ጠበቃት።»

በአሮጊቶች ነገር አላምንም ብዬ ቀደም ብዬ ጽፌያለሁ። ገልጬ አየሁት፤ አለ፣ ጽፌዋለሁ።

ሜይ 4

«እንዴ፣ ገና አልሄድሽም?»

ይቺን ጥያቄ የፈጠራት ሰው ምላሱ ይነቀል። ዳቦ ቤት፦ «ፍሎር! ገና እዚህ ነሽ?» ቤተ ክርስቲያን፣ ሰላም ስንባባል፦ «ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሳትሄጂ ቀረሽ?» ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው ያልጠየቃት። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላት፣ እንደ ማኅበርተኛው። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን እናቴ ገበያ የምትሄደው ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። የሚቀረው አትክልት ጠውልጎ፣ ዓሣው ዓይኑ ፈዞ። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ፤ እቃ ለመያዝ። ዛሬ ማዳም ኦፌልያ ከመኪናዋ አንገቷን አውጥታ «ገና...» ስትል፣ «ማዳም፣ ሩዝዎ ሰፈር ድረስ ይሸታል፤ እያረረ ነው?» አልኳት።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጠንከር አድርጋ አልነበረም።

ሜይ 11

አባቴ የሰው አጥር መቀባት ጀምሯል፣ በክፍያ። ሐኪሙ መሰላል እንዳይወጣ ከልክሎታል። ሎላ «ለልብህ አይሆንም» ስትለው «ብረት ነው የምቀባው፣ ናናይ፤ ልቤን ማን ነካው?» አለ። ቀልድ መሆኑ ነው። ቀልድ እንደ ቀለም አይደለም፤ ደጋግመህ ብትቀባው አይሸፍንም።

ዛሬ ምሳውን እንዳደርስለት ታዘዝኩ። ከታች፣ መሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ። ስጠጋ ተነስቶ ብሩሽ ፈለገ።

«ምን ሆንክ?»

«የቀለሙ ሽታ ነው።»

ቀለሙ ይሸታል፣ እውነት ነው።

ምሳውን ሰጥቼው ልመለስ ነበር። ግን ባልዲውን ሲያነሳ እያፈሰሰ ሰው ግቢ ያበላሻል፤ ስማችን ይጠፋል። ስለዚህ ባልዲውን እኔ ያዝኩለት። ላዩን ደግሞ እኔ ወጥቼ ቀባሁት፤ እሱ ሲቀባ በዝግታ ነው፣ ያናድደኛል።

«ከላይ ወደ ታች» አለ ከሥር ሆኖ።

«አውቃለሁ።»

«ወደ ራስሽ አትጎትቺው።»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

አላውቅም ነበር።

ሜይ 19

ለእናቴ ነገርኳት። ማንም አላስገደደኝም፤ ሰውዬው ስላለኝም አይደለም። ፎጣ ታጥፍ ነበር። አሁንም ታጥፋለች፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዝሆን አይሠራም ብዬ ነው የተጠጋሁት።

«ናናይ፣ ለቲያ ባቢ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ቀናም አላለች።

«አባቴ ነገረሽ?»

«አባትሽ? ያ ሰው መቼ አፍ አለውና። ቲያ ባቢ ለሞተ ዓሣ የምትነግረውን ለኔ የማትነግረኝ መሰለሽ?»

«መቼ?»

«በማግሥቱ።»

በማግሥቱ! በሎላ ችሎት ላይ ተቀምጣ፣ ሰውዬው ጅራት ሲበላ እያየች፣ ስታውቅ ነበር። እኔ ተንኮለኛ ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ ለካ ከማን እንደወረስኩት ሳላውቅ ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ለምን እንዳደረግሽው እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ።»

«በሰውዬው ምክንያት ነዋ። ከሱ ጋር ብቻዬን መቅረት ስለማልፈልግ።»

«እ» አለች። የዝሆኑን ኩንቢ አስተካከለች። «በሰውዬው ምክንያት።»

ካልተስማማች አልተስማማሁም ትበል! «እ» ምን ማለት ነው?

ቀጥላ ማንም ያልጠየቃትን ነገረችኝ። ቆንሲሏ ወጣት ሴት ናት አለች፤ ስለ መርከቡ ስትጠይቃት፣ ስለ ሥራው ስትጠይቃት ሁሉንም መለሰች። «ልጅሽን ማን ይጠብቃታል?» ስትላት «አባቷ» አለች። «ጎበዝ ነው?» አለቻት።

«ይሄ ልምምዱ ላይ አልነበረም» አልኩ።

«አልነበረም።»

«እና ምን አልሽ?»

«"ገና እየለመደ ነው" አልኳት።»

«ናናይ! "አዎ" አይባልም? አንዲት ቃል! "አዎ"!»

«ውሸት ያስታውቅብኛል» አለች። «እንደ አንቺ አይደለሁም።»

ከበሩ ኋላ ብሩሽ ወደቀ። እሱ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንስቶት ሄደ። እኔና እናቴ ምንም እንዳልሰማን ሆንን።

ጁን 6

ዝናቡ ገባ። ፓስፖርቱም መጣ፣ ቪዛው ተለጥፎበት! ለምን እንደቆየ ማንም አልነገረን፤ ለምን እንደመጣም።

ሎላ ቅዱስ አንቶኒዮስን ከግድግዳው መልሳ ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ እኔን አገጬን ይዛ፦ «አንቺ። ትንፍሽ ብትዪ በዚህ መርፌ እሰፋሻለሁ» አለችኝ። መርፌውን አሳየችኝ። ለካ እሷም ታውቃለች። በዚህ ቤት ሳያውቅ የከረመው እኔ ነኝ መሰለኝ።

ጁን 10

ቲያ ባቢ፦ «እናትሽ ገና ናት?»

«ገና ናት።»

«ወይ ጉድ! እንግዲህ ከሽፏል ማለት ነው። ምስኪን።»

«ምን ይደረግ» አልኩ። ፊቴን ሐዘንተኛ አደረግሁ። መሃሉን ያዝኩ። ሁለተኛ ዓሣ መርቃ ሰጠችኝ፣ የሐዘን። ይቺኛዋን በላናት።

አፌን የዘጋሁት እናቴ እንድትሄድ ስለምፈልግ አይደለም። ለቲያ ባቢ በነፃ ማቀበል ስለሰለቸኝ ነው።

ጁን 13

ዛሬ ምሳ ላይ ነበርን። ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባና ሩዝ። አባቴ የሠራው ነው፤ ጨው ስለበዛበት ሎላ «ባሕሩን ሙሉ ነው የቀዳኸው?» እያለችው ነበር። ስልኩ ጮኸ። ኤጀንሲው ነው። አንዲት ሴት ታማ ቀርታለች፤ መርከቡ አይጠብቅም፤ እናቴ የሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን የዛሬ ማታውን አውሮፕላን ይዛ ማኒላ መግባት አለባት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሮጠ። ሻንጣው ዝግጁ ነበር። ጫማዋ አልነበረም። ጫማዋ ተገኘ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱት ቫኖች ተራ ድረስ የሚወስዳቸውን ባለሦስት እግር ጠራ። እናቴ ከሳህኗ ሩዝ እንደተረፈ ቆመች።

«ሳህን!» ብላ ጮኸች ሎላ። «ሳህናችሁን!»

ሰው ማዕድ ሳይነሳ መንገድ ሲጀምር፣ የሚቀሩት ሳህናቸውን አንድ ጊዜ ያዞራሉ። የሚሄደው በሰላም እንዲደርስ ነው። እዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሎላ አዞረች። አባቴ እየቆመ በአንድ እጁ አዞረ። የእናቴ ዓይን እኔ ላይ መጣ።

ሳህኔን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። አላዞርኩም።

ሎላ አፏን ከፈተች። እናቴ በእጇ ዝም አሰኘቻት። መጥታ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ ሳበችኝ፣ ሕፃን ሆኜ እንደምታሸተኝ፣ ረዘም አድርጋ። ትን ያለኝ ሩዝ ነው።

ሄዱ። ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጥ ነበር። ሎላ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር ሌሎቹን ሳህኖች ሰብስባ ወደ መኝታዋ ገባች፤ የኔን ግን አላነሳችውም። ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ቀረ፤ ሩዙ በርዶ፣ የዓሣው አጥንት በአንድ ወገን።

ተቀመጥኩ። ይሄ ነገር የአሮጊቶች ነው። ሳህን ምን ያውቃል? ሳህን ሸክላ ነው፤ አውሮፕላን ብረት ነው፤ አይተዋወቁም። ደግሞ ሰዓቱ አልፏል፤ የሚዞረው ሰውየው በር ሳይወጣ ነው። ቢሆንም አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም። ማንም ደግሞ እዚህ የለም።

አዞርኩት። አንድ ዙር። በቀኝ ነው በግራ? ሎላ በየት በኩል እንዳዞረች አላየሁም፤ እናቴን ነበር የማየው። በግራም ደገምኩት። ከዚያ በቀኝ ያዞርኩትን በግራ ፈትቼው እንደሆነስ ብዬ በቀኝ ደገምኩት። ቀስ ብዬ፣ አጥንቱ እንዳይወድቅ፣ «ትድረስ፣ ትድረስ» እያልኩ። እንደዛ እያልኩ መሆኔን ያወቅሁት ድምፄን ስሰማው ነው።

ወለሉ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ቫኑ ውስጥ ለሸኚ ቦታ ስላልነበረ አባቴ ከተራው ተመልሷል፤ በሩ ላይ ቆሟል፣ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሶ፣ ዓይኑ እጄ ላይ። ሳህኑ ገና መዞሩን አላቆመም።

«ሬናሊን» አለኝ፤ በፉጨት አይደለም፣ በስሜ።